ያለ ተራው የመጣ ነፋስ

ነፋስ የሆንኩት በሕመም ምክንያት ነው። ሕመሙ የኔ አልነበረም። በልጄ ክፍል ነፋስ የነበረችው ረዳት ወገቧን ያዛትና ከሥራ ቀረች። እኔ ደግሞ የዚያን ቀን ዕረፍት ነበርኩ። ልጄን አዮናን ትምህርት ቤት አድርሼ፣ ኮቴን ሳላወልቅ ሹልክ ብዬ ልወጣ ስል የክፍሉ አስተማሪ ሎርን ክንዴን ያዘኝ።

"ስትሩዋን፣ እጅ አጥሮኛል። ትንሽ ብትቆይልኝ?"

"ምን ልታደርጉ ነው?"

"ደቡብ ዋልታ ልንሄድ ነው።"

"ለምሳ እንደርሳለን?"

"ከምሳ በፊት ተመልሰናል" አለኝ፣ እጄ ላይ የታጠፈ ትልቅ አንሶላ ጣል እያደረገ።

አዮና ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አትራመድም፣ አትናገርም። ዓይኗ ብርሃንና ጥላ ይለያል እንጂ የሰው መልክ አይለይም። ሲላት እንደ ባሕር ወፍ "ጯ!" ብላ ትስቃለች፤ ሲከፋት ከጉሮሮዋ ውስጥ ሞተሩ እንዳስቸገረ መኪና ታጉረመርማለች። ከዚህ ውጭ ውስጧ ምን እንዳለ፣ ምን እንደሚገባትና ምን እንደማይገባት የሚነግረን ሰው አልነበረም። ሐኪሞቹም "ለማወቅ ያስቸግራል" ነው የሚሉን። ባለቤቴ ሺና "ሁሉም ነገር ይገባታል" ትላለች። እኔ ምን እንደምል ስለማላውቅ ዝም ብዬ አወራላታለሁ።

ወሬ ላይ እንኳ አልታማም። ስኮትላንድ ውስጥ የዳንዲ ከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነኝ። የሂልታውንን ዳገት ሽቅብ ስወጣ ስለ አየሩ፣ ቁልቁል ስወርድ ስለ እግር ኳሱ አወራለሁ። መውረጃቸው ያለፋቸው ተሳፋሪዎች አሉኝ። አዮናንም ከእንቅልፏ ከምትነሳበት እስከምትተኛበት ድረስ እንዲሁ ነው የማደርጋት። ካልሲ ሳደርግላት ስለ ካልሲው፣ ሾርባ ሳጎርሳት ስለ ሾርባው፣ ስለ ጎረቤታችን ድመት፣ ስለ ወንዙ። ዝም ካልኩ ቤቱ ውስጥ የሚመጣውን ጸጥታ እፈራው ነበር።

የዚያን ቀን ክፍሉ መሃል አንዲት አጭር፣ ጸጉሯ ነጭ የሆነ፣ የዓሣ አጥማጅ ሹራብ የለበሰች ሴት በትልቅ የቆርቆሮ ሳጥን ላይ ተቀምጣለች። ግሪር ፔትሪ ትባላለች። ዕድሜዋን በመድረክ ተዋናይነት ያሳለፈች ናት፤ አሁን እንደ አዮና ላሉ ልጆች በእጅ የሚዳሰስ፣ በአፍንጫ የሚሸተት ተረት ትነግራለች።

"እርስዎ ነዎት ተራኪዋ?" አልኳት።

"'እርስዎ' ማንን ነው? ገና ሰማንያ አልሞላኝም። አንቺ በለኝ። አንሶላውን ያዝ፤ 'ነፋሱ መጣ' ስል ከዚያኛው ጫፍ ሎርን፣ ከዚህኛው አንተ ሆናችሁ በልጆቹ ላይ ታራግባላችሁ። እስከዚያ ድረስ አትታይም፣ አትሰማም።"

ታሪኩ አጭር ነው። መርከብ ወደ ደቡብ ይሄዳል። በረዶው መርከቡን ይይዘዋል። ሰዎቹ ወርደው በእግራቸው ይጓዛሉ። ውሾቹ ይጎትታሉ። ብስኩት ይበላሉ። ነፋሱ ይመጣል። ድንኳን ውስጥ ይገባሉ። ፀሐይ ትመለሳለች። አለቀ። ግን ለእያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ከሳጥኑ የሚወጣ ነገር አለው። ለመርከቡ የቅጥራን ሽታ ያለው ወፍራም ገመድ ነው፤ ልጆቹ ይይዙትና ግሪር ከወዲያኛው ጫፍ ትጎትተዋለች። ለበረዶው መዳፍ ላይ የሚቀመጥ እውነተኛ በረዶ። ለእግር ጉዞው የበቆሎ ስታርች የሞላበት ከረጢት፤ ሲጨመቅ ልክ አዲስ በረዶ ላይ እንደሚረግጥ ጫማ ቅርጭ ቅርጭ ይላል። ለውሾቹ ቃጭልና የፍየል ቆዳ። ከዚያ መዳፍ ላይ የምትቀመጥ የአጃ ብስኩት፤ ማኘክ ለማይችሉት ወተት የነካች። ከዚያ እኔ። ከኔ በኋላ ሁሉንም የሚሸፍን፣ የላምባ ሽታ ያለበት ጥቁር ብርድ ልብስ። መጨረሻ ላይ ለፀሐይዋ ጭን ላይ የሚቀመጥ የሙቅ ውኃ ከረጢት።

እና ግሪር በየመሃሉ ትጠብቃለች። በረዶውን አዮና መዳፍ ላይ አድርጋ "በረዶው መርከቡን ያዘው" አለችና ዝም። ውኃው በአዮና ጣቶች መሃል ጠብ ጠብ ይላል። ክፍሉ ሁሉ ዝም። አልቻልኩም።

"ውይ የኔ ቆንጆ፣ ቀዘቀዘሽ አይደል? በረዶ እኮ ነው! በጥር ብሮቲ ፌሪ የባሕሩ ዳር ላይ ሄደን ያየነው ትዝ ይልሻል? ያ ደግሞ..."

"ስትሩዋን" አለች ግሪር፣ ሳትቆጣ። "አንተ ነፋስ ነህ። ገና አልመጣህም።"

ከክፍሉ ልጆች የሚናገረው ካለም የሚባለው ልጅ ብቻ ነው፤ እሱ ግን ለሁሉም ይበቃል። ከት ብሎ ሳቀብኝ። ቃጭሉ ሲመጣ ደግሞ እጁን አወጣ።

"ውሾቹን በሏቸው?"

"አልበሏቸውም ካለም።"

"በመጨረሻስ?"

"በመጨረሻም አልበሏቸውም። በኔ ታሪክ ውሻ አይበላም።"

"እሺ" አለ ካለም፣ ትንሽ ቅር ብሎት።

ሲያልቅ ግሪርን ሳጥኑን እያገዝኳት ወደ መኪናዋ ሸኘኋት። ገና በሩን ሳንወጣ ጀመረችኝ።

"ልጅህን ትወዳታለህ።"

"እንዴታ!"

"በረዶው ከእጇ ተነስቶ እሷ ዘንድ እስኪደርስ ጊዜ ይፈጃል። ካንተና ከኔ የበለጠ ጊዜ። አንተ መሃል ገብተህ ስታወራ መንገዱን ትዘጋባታለህ። ሾፌር አይደለህ? መንገድ ሲዘጋብህ እንዴት እንደሚያደርግህ ታውቃለህ።"

ሳጥኑን መኪናዋ ውስጥ አስገባሁላት።

"በየሳምንቱ ያው ታሪክ ነው የምትነግሪያቸው?" አልኳት።

"ያው ታሪክ፣ በዚያው ቃል፣ በዚያው ተራ።"

"አይሰለቻቸውም?"

"እነሱ? እኔ ነኝ የሚሰለቸኝ! አንዴ መሃል ላይ ፔንጉዊን ላስገባ ብዬ ሎርን ሊያባርረኝ ነበር። 'ግሪር፣ ገና መርከቡን እየለመዱት ነው፤ ፔንጉዊንሽን ያዢልኝ' አለኝ። ልክ ነው። ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ማወቅ የሚቻለው ነገሩ ቦታውን ሳይለቅ ሲቀር ነው። ግን አሁንም ሌሊት ፔንጉዊኗ ትመጣብኛለች።"

ወገቧን የታመመችው ረዳት ስትመለስ ቦታዋን አልለቀቅኩላትም። የሥራ ተራዬን ከጓደኞቼ ጋር እየተቀያየርኩ በየሳምንቱ ነፋስ ሆንኩ። ጓደኞቼ መቼም አልማሩኝም። "ስትሩዋን የት ነው?" ሲባል "እየነፈሰ ነው" ይላሉ። እኔ ግን አንሶላዬን ይዤ ግድግዳው ጋ መቆም ተማርኩ። አንደበቴን መያዝ ከብዶኝ ላብ ያጠምቀኝ ነበር። ቀስ በቀስ ለቀቀኝ። ዝም ስል ደግሞ ድሮ የማላያቸውን ማየት ጀመርኩ፤ ለምሳሌ አዮና ገመዱን ስትይዝ የግራ እግሯ አውራ ጣት ካልሲው ውስጥ እንደሚንቀሳቀስ።

አንድ ቀን፣ ብስኩቱን ጨርሳ፣ ግሪር ገና አፏን ሳትከፍት፣ አዮና አገጯን ቀና አድርጋ ዓይኗን የጨፈነች መሰለኝ። ልክ ነፋስ እንደሚጠብቅ ሰው።

"አየኸው?" አልኩት ሎርንን።

"አየሁ። ሊሆን ይችላል" አለ። "ላይሆንም ይችላል። አንገቷን እያሳረፈች ሊሆን ይችላል።"

"አንተ ሰው፣ አንዴ እንኳ 'አዎ' በለኝ!"

"'አዎ' እንድልህማ እፈልጋለሁ፤ ግን እርግጠኛ ስሆን ነው" አለኝ። ጥሩ ልጅ ነው፤ የማይሆን ተስፋ አይሰጥም። የዚያን ቀን ግን ባንቀው ደስ ይለኝ ነበር።

ማታ ለሺና ነገርኳት። ሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ስትገባ እግሯን ወንበር ላይ ሰቅላ ነው የምታዳምጠኝ።

"ነፋሱን ጠበቀችው ነው የምትለኝ?"

"ቀና አለች።"

"ስትሩዋን፣ አንተ እኮ ባለፈው ዓመት 'አባዬ አለችኝ' ብለህ እናቴ ዘንድ ሌሊት ደውለሃል። ስታገሳ ነበር።"

"ይሄ ማግሳት አይደለም!"

"እሺ" አለች፣ እግሯን አውርዳ። ድምጿ ግን የደከመ ነበር። ሁሉም ይገባታል የምትለዋ እሷ፣ ማስረጃ አመጣሁ ስላት ፈራች። ተስፋ ማድረግ ያደክማል፤ ይሄ የገባኝ የዚያን ማታ ነው።

ሚያዝያ ላይ ግሪር አንድ ሐሳብ አመጣች። ወደቡ ላይ የቆመ፣ በዱሮ ጊዜ ወደ ዋልታው የሄደ አሮጌ የእንጨት መርከብ አለ። ታሪኩን እዚያው መርከብ ላይ፣ ወላጆች ባሉበት ለምን አንነግረውም? ለተሽከርካሪ ወንበሮቹ መውጫ መወጣጫ አለው። ሎርን አየሩን ፈርቶ ነበር። ግሪር "ፀሐይ ነው የሚሆነው፤ ጉልበቴ ነግሮኛል" አለችው።

ጉልበቷ ዋሽቷታል። ስንነሳ ፀሐይ ነበረ፤ መርከቡ ላይ ስንወጣ ከቴይ ወንዝ ማዶ አንድ ጥቁር ደመና እየተንከባለለ ነበር። ሺና ፈቃድ ወስዳ መጥታለች፤ ሻይ በቴርሞስ፣ ለሁላችን የሚበቃ፣ በሊጥ ተሸፍኖ የተጋገረ የሥጋ ፓይ በላስቲክ ይዛለች። ልጆቹ በብርድ ልብስ ተጠቅልለው በግማሽ ክብ ተደረደሩ። ወላጆች ከኋላቸው ቆሙ። የካለም አያት፣ ባርኔጣዋን በሁለት እጇ የያዘች ሴትዮ፣ "ይሄን ሁሉ መንገድ ለበረዶ? ቤታችን ፍሪጅ አለ እኮ" ትላለች።

ገመዱ መጣ። እውነተኛ መርከብ ላይ እውነተኛ ገመድ፤ የአዮና አውራ ጣት ተንቀሳቀሰ። በረዶው መጣ። ቅርጭ ቅርጩ መጣ። ቃጭሉ መጣ።

"ውሾቹን በሏቸው?" አለ ካለም።

"አልበሏቸውም ካለም።"

በዚያች ደቂቃ ነው ከወንዙ ላይ ያ ነፋስ የተነሳው። የመርከቡ ገመዶች ሁሉ በአንድነት አፏጩ። የካለም አያት ባርኔጣ ከእጇ አመለጠ፤ የኔ አንሶላ ከብብቴ ሥር ተነጥቆ እንደ ትልቅ ነጭ ወፍ ክንፉን ዘርግቶ ወደ ወንዙ ድልድይ በረረ። ሁላችንም ጮኽን። ግሪር ደግሞ ዓይኗ በራ። ያን ዓይን አየሁት፤ በሕይወቷ ሙሉ እንዲህ ያለ አጋጣሚ ስትጠብቅ የኖረች ተዋናይ ዓይን ነው። ሁለት እጇን ወደ ሰማይ ዘረጋች።

"ነፋሱ መጣ!" ብላ በሙሉ ድምጿ ጮኸች።

ወላጆቹ አጨበጨቡ። ልጆቹ ሳቁ። አዮና ግን አጉረመረመች። መጀመሪያ ዝቅ ብላ፤ ከዚያ ሰውነቷን አግትራ፣ ፊቷን ወደ ጎን አዙራ፣ እየጨመረች እየጨመረች ሄዳ በመጨረሻ የምር ጮኸች። ሺና ሮጣ ደረሰች።

"በርዷታል! ስትሩዋን፣ ብርድ ልብሱን! እናውርዳት፣ መኪና ውስጥ እናስገባት።"

"ምስኪን ልጅ" አለች አንዲት እናት።

ወንበሯን ለመግፋት እጀታውን ያዝኩ። አፌንም ልከፍት ነበር፤ "አይዞሽ የኔ እመቤት፣ ነፋስ ነው፣ ምንም አይደለም" ልላት። ግን ልማድ ሆኖብኝ መጀመሪያ ጠበቅኩ። እጇን አየሁ። ቀኝ እጇ ወንበሯ ፊት ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው። መዳፏ ወደ ላይ ተከፍቷል። ጠረጴዛውን ትመታለች፣ መዳፏን ትከፍታለች፤ ትመታለች፣ ትከፍታለች።

"ብስኩቱ!" አልኩ።

"ምን?" አለች ሺና።

"ብስኩቷን አላገኘችም! ውሾቹ፣ ከዚያ ብስኩት፣ ከዚያ ነው ነፋስ! ብስኩቱ ተዘለለ! አልበረዳትም ሺና፤ ተናዳ ነው! ነፋሱ ያለ ተራው ስለመጣ ተናዳ ነው!"

ሎርን ወደ እጇ አየ። ከዚያ ወደ ግሪር። ግሪር እጆቿን ከሰማይ ቀስ አድርጋ አወረደች።

"እመቤቴ ማርያም" አለች። "ዘልዬዋለሁ።"

ጠጠር በረዶ መውረድ ሲጀምር ሁሉንም እየገፋን መርከቡ ላይ ወዳለው ትልቅ የእንጨት ክፍል አስገባንና በሩን ዘጋን። ውስጡ ፀጥ ያለና ሞቅ ያለ ነበር። አዮና አሁንም ታጉረመርማለች። ግሪር ፊት ለፊቷ ተንበረከከች፤ ጉልበቷ ሲንቋቋ ይሰማል።

"አዮና፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ መድረክ ላይ ስኖር እንዲህ ያለ ተቺ ገጥሞኝ አያውቅም። እንደገና ልሞክር?"

ማጉረምረሙ ዝቅ አለ።

"በሩ ጋ ቁም" አለኝ ሎርን በሹክሹክታ። "እስክነግርህ እንዳትከፍት።" ፊቱ ቀልቷል።

ግሪር ቃጭሉን አንስታ አቃጨለች። የፍየል ቆዳውን አዮና ጉንጭ ላይ አሳረፈች። "ውሾቹ ይጎትታሉ።" ጠበቀች። ካለም አፉን ሊከፍት ሲል አያቱ በፓይ ዘጋችው። ከዚያ ግሪር ወተት የነካችውን ብስኩት የአዮና መዳፍ ላይ አስቀመጠች። "ብስኩት ይበላሉ።" አዮና ጣቶቿን አጠፈች። ሺና እጇን ይዛ ወደ አፏ አደረሰችላት። አላመጠቻት፣ ዋጠቻት፣ ከንፈሯን ላሰች። አልቸኮለችም።

ከዚያ ማንም ምንም አላለም። ግሪር አፏን ገጥማ ጠበቀች። ውጭ ጠጠሩ ጣሪያውን ይደበድባል። አንድ ሕፃን አስነጠሰ። እኔ የበሩን እጀታ ይዤ ቆሜያለሁ።

አዮና አገጯን ቀና አደረገች። ዓይኖቿን ጨፈነች። ፊቷን፣ ያ ሁሌም ወዲያና ወዲህ የሚለውን ፊቷን፣ እኔ ወዳለሁበት አቅጣጫ ሰጠች።

"አሁን" አለ ሎርን። "አዎ። አሁን!"

በሩን በረገድኩት። ነፋሱ እየተገፋፋ ገባ፤ ከነጠጠር በረዶው፣ ከነወንዙ ሽታ፣ የሁሉንም ጸጉር አቆመ፣ የፓይ ወረቀቶቹን አበረረ። አዮና "ጯ! ጯ! ጯ!" አለች፤ ወንበሯ እስኪነቃነቅ ድረስ። ጠጠሮቹ ወለሉ ላይ እየነጠሩ ጫማችን ሥር ተንከባለሉ። ካለም አንዱን አንስቶ አፉ ውስጥ ከተተ።

"ነፋሱ መጣ" አለች ግሪር፣ ዘግይታ። ድምጿ ግን እንደ ተዋናይ አልወጣላትም፤ ተሰበረባት።

ሺና በአንድ እጇ የአዮናን ራስ አቅፋ በሌላው ደረቴን ትደበድባለች፤ ታለቅሳለች ወይስ ትስቃለች አይለይም።

"ነግረኸኝ ነበር! አንተ ለፍላፊ፣ ነግረኸኝ ነበር እኮ! ለምን በደንብ አልነገርከኝም?"

"'ስታገሳ ነበር' አልሽኝ!"

"ዝጋው በሩን፣ ልጄን ሊበርዳት ነው!"

"አትዝጋው" አለ ሎርን። "ነፋሱ ገና አላለቀም፤ የሚያልቀው ብርድ ልብሱ ሲመጣ ነው። ተራውን ጠብቁ እንጂ፤ ደግሞ ልትጮኽብን ነው።" ሁላችንም ታዘዝን። በሩ ክፍት እንደሆነ፣ ጥርሳችን እየተንገጫገጨ፣ ግሪር ጥቁሩን ብርድ ልብስ እስክታወጣ ጠበቅን። ከዚያ ልጅም፣ ወላጅም፣ ባርኔጣ የሌላት አያትም የላምባ ሽታው ሥር ገብተን ተጠጋጋን። በጨለማው ውስጥ ሺና እጄን ፈልጋ ያዘች። ብርድ ልብሱ ተገልጦ የሙቅ ውኃ ከረጢቱ የአዮና ጭን ላይ ሲያርፍ የአውራ ጣቷን እንቅስቃሴ ለሺና አሳየኋት። ባልናገርም ገባት።

ከዚያ ቀን በኋላ ሎርን ሥራውን ሁሉ ለወጠ። አዮና ወደ ዋና ከመሄዷ በፊት የእርጥብ ፎጣ ጫፍ ጉንጯን ይነካል፤ ከምሳ በፊት ማንኪያ እጇ ላይ ይቀመጣል፤ ወደ ቤት ከመመለሷ በፊት የኔ የሥራ ኮት እጅጌ። ቀጥሎ የሚመጣውን ታውቀዋለች፤ ሲመጣ ትቀበለዋለች፤ ካልመጣ ደግሞ ሰው ታስለቅሳለች። ግሪር በመስከረም አዲስ ታሪክ ይዛ መጥታለች፤ ስለ ዓሣ ነባሪ ነው። ከፊት እስከ ኋላ አንድም ቃል አትለውጥም። "ተቺዬ ክፍሉ ውስጥ ናት" ትላለች።

ቤታችንም እንደ ድሮው አይደለም። ድሮ አዮናን እንዳሻን ነበር የምናነሳና የምናስቀምጣት። አሁን ተራ አለው። መጀመሪያ ገላ፣ ከዚያ ፒጃማ፣ ከዚያ ጥርስ፣ ከዚያ መብራት ማጥፋት። ባለፈው ማክሰኞ ከሥራ ደክሞኝ ገብቼ ፒጃማውን ሳላለብሳት የጥርስ ብሩሹን ከንፈሯ ላይ አደረግኩ። ያ ሞተር ተነሳ።

"ምን አድርገሃት ነው?" አለች ሺና ከወጥ ቤት።

"ተሳስቼ ነው! ብሩሹን አስቀደምኩ!"

"ታዲያ እኔን ምን ትለኛለህ? እሷን ይቅርታ ጠይቃት!"

ጠየቅኳት። ፒጃማውን እጇ ላይ አድርጌ ጠበቅኩ። ወዲያው አልታረቀችኝም፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ለጥቂት ጊዜ አስቆመችኝ። ከዚያ አንዱን ክንዷን ወደ እጅጌው አቅጣጫ ትንሽ ዘረጋችልኝ፤ እኔም አለበስኳት።